ታሪካዊው መስመር የማያልፍበት አገር

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ከአስተማሪዎችና ከመንግሥት ሠራተኞች የተውጣጣን ዐሥራ ሁለት ሰዎች በማኅበር ሆነን ደቡብ ኦሞን ለመጎብኘት ከአዲስ አበባ ተነሣን። አርባ ምንጭ አድረን፣ ኮንሶን አልፈን፣ የወይጦን ቆላ ተሻግረን ቀይ አፈር ስንደርስ ዕለቱ ሐሙስ ስለ ነበረ ገበያው ሞልቶ አገኘነው። የበና ሰዎች ማር በቅል፣ የአሪ ሰዎች ቡናና እህል፣ የፀማይ ሰዎች ፍየል ይዘው ወጥተዋል። አስጎብኚያችን የጂንካ ተወላጅ የሆነ ጨዋ ወጣት ነበረ። ከመኪና እንደ ወረድን የጉዞውን መርሐ ግብር ገልጦ ተመለከተና «የታሪኩ ክፍል ኮንሶ ላይ ተፈጸመ፤ ከእንግዲህ ያለው ሕዝብና የዱር አራዊት ነው» አለን። ነገሩን በክፋት አልተናገረውም፤ የያዘው ወረቀት እንደዚያ ተከፍሎ የታተመ ስለ ነበረ ነው። ቢሆንም ቃሉ እስከ ጂንካ ድረስ ከልቤ አልወጣም።

ይህ አከፋፈል ከየት እንደ መጣ ማወቅ አያስቸግርም። በ1950ዎቹ ዓመታት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅትን አቋቁመው ኢትዮጵያን «የዐሥራ ሦስት ወር ፀጋ» አገር ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን የሚያያይዘው ጉዞ «ታሪካዊው መስመር» የሚለውን ስም ያዘ። ሥራው የብልህ ሥራ ነበረ፤ ለአገሪቱም ገንዘብና ክብር አምጥቶላታል። ደቡቡ ግን ለአዳኝና ለፎቶግራፍ አንሺ ተተወ። የተጻፈ ድንጋይና የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን የማይታይበት አገር፣ ታሪክም የሌለበት አገር መስሎ ታየ። የሚያስገርመው ዩኔስኮ የዓለምን ቅርስ ሲመዘግብ አክሱምንና የታችኛውን የኦሞ ሸለቆ በአንድ ጉባኤ፣ በ1972 ዓ. ም. መመዝገቡ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) በዓለም መዝገብ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በእኛ ወረቀት ላይ ግን አንዱ ታሪክ፣ ሌላው አውሬ ሆኗል።

ደግሞም በማኅበር ሆኖ፣ መንገድ መሪ ይዞ፣ ኦሞን ለማየት መሄድ ራሱ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው የቆየ ነገር ነው። የዛሬው ጎብኚ በመኪና የሚሄድበትን አገር በእግር የረገጡትን ሰዎች ማን እንደ ነበሩና ምን ፈልገው እንደ መጡ ማወቅ ይገባል።

ሳሙኤል ቴሌኪ የተባለ የሃንጋሪ ባላባትና ሉድቪግ ፎን ሆኔል የተባለ የኦስትሪያ የባሕር ኃይል መኮንን ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ተነሥተው፣ ብዙ ተሸካሚዎች አስከትለው፣ በ1880 ዓ. ም. የካቲት መጨረሻ ኦሞ የሚፈስበት ሐይቅ ዳርቻ ከደቡብ በኩል ደረሱ። ሐይቁን በአልጋ ወራሻቸው ስም ሩዶልፍ፣ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለውን ጨው ባሕርን ደግሞ በወራሹ ሚስት ስም ስቴፋኒ ብለው ሰየሙ። ሰውዬው ሐይቅ በስሙ ከተሰየመለት ዓመት ሳይሞላው ራሱን ገደለ። ስሙም ቢሆን አልጸናም፤ ጨው ባሕር ለእኛ ያው ጨው ባሕር ነው፤ ሩዶልፍም በ1967 ዓ. ም. ቱርካና ተባለ። ቴሌኪን ከቤቱ ያወጣው ከሁሉ በላይ የአደን ፍቅር ስለ ነበረ፣ በየመንገዱ የገደለው ዝሆንና አውራሪስ ብዙ ነው። የሐይቁን ሰሜን ጫፍ ቢያዩም፣ ወደዚያ የሚገባው ወንዝ ከካፋ ተራሮች የሚወርደው ኦሞ ይሁን ሌላ ሳያረጋግጡ ተመለሱ።

ይህን ያረጋገጠው ቪቶሪዮ ቦተጎ የተባለ የኢጣልያ መኮንን ነው። ከቤናድር ጠረፍ ከብራቫ የተነሣው በ1888 ዓ. ም. ጥቅምት ነው። ዓመቱን አንባቢ ልብ ይበል። ቦተጎ በረሓ ለበረሓ ሲጓዝ፣ አባያን «ማርጌሪታ» ብሎ በንግሥቱ ስም ሲሰይም፣ በየካቲት 23 ቀን የአገሩ ጦር ዐድዋ ላይ ድል ሆነ። እርሱ ግን ወሬው አልደረሰውም። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር መጨረሻ የኦሞን ወንዝ ተከትሎ ወርዶ ሐይቁ ላይ ደረሰና የብዙ ዘመን ክርክር ቈረጠ። ከጓደኞቹ አንዱ ማውሪትስዮ ሳኪ የተሰበሰበውን የዝሆን ጥርስ ይዞ ወደ ጠረፍ ሲመለስ በመንገድ ተገደለ። ቦተጎም ራሱ በሰሜን በኩል ሊወጣ ሲሞክር በመጋቢት 1889 ዓ. ም. ወለጋ ውስጥ በጊዳሚ አጠገብ በውጊያ ሞተ። የተማረኩትን ቫኑቴሊንና ቺተርኒን ዐፄ ምኒልክ ለቀቋቸው፤ እነርሱም አገራቸው ገብተው የጉዞውን ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ። ስለዚህ በዐድዋ ዘመን የሆነውን ነገር ሙሉ አድርጎ ለማስተማር የሚፈልግ መምህር ከትግራይ ተራሮች ሌላ የኦሞን ዳር የሚያሳይ ካርታ ያስፈልገዋል።

በዚሁ በ1888 ዓ. ም. በታኅሣሥ ወር አርተር ኒውማን የተባለ እንግሊዛዊ የዝሆን አዳኝ በወንዙ አፍ ሰፍሮ ነበር። አንድ ቀን ሸባኔ የተባለ አገልጋዩን ከውሃው ዳር አዞ ወሰደው። ይህን የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በነዚህ ሁሉ የጉዞ መጻሕፍት ውስጥ ሸክም የተሸከሙት፣ መንገድ የመሩት፣ ውሃ ያለበትን ያሳዩት ሰዎች በመቶ ይቈጠራሉ፤ ስማቸው ግን በብዛት የሚገኘው ሲጠፉ፣ ሲሰርቁ ወይም ሲሞቱ ነው። ሸባኔ አዞ ባይወስደው ኖሮ ምናልባት እኛም አናውቀውም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ የእኛም ድርሻ ሳይነገር መታለፍ የለበትምና። ዐፄ ምኒልክ በሚያዝያ 14 ቀን 1883 ዓ. ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉት ደብዳቤ የአገራቸውን ወሰን አስታውቀው ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን በወረቀት የተጻፈ ወሰን ሰው ሄዶ ካልቆመበት አይጸናም። ስለዚህ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ካፋን ከያዙ በኋላ ሠራዊታቸውን ይዘው በ1890 ዓ. ም. ወደ ደቡብ ዘመቱ፤ በመጋቢትም ወር መጨረሻ ገደማ ከሐይቁ ዳር ደርሰው በኦሞ አፍ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። አብሯቸው የነበረው የሩስያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ዘመቻውን በዝርዝር ጽፎታል። በኅዳር 1900 ዓ. ም. ከእንግሊዝ ጋራ የተፈረመው የወሰን ውል ካለዚህ ዘመቻ ሌላ መልክ ይኖረው እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ጂንካ ዛሬ የኢትዮጵያ ከተማ የሆነችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ግማሹን መናገር ይሆናል። የዚያ ዘመን ሠራዊት ስንቁን ከመንግሥት ግምጃ ቤት አይቀበልም፤ ከሄደበት አገር ጎተራና በረት ያገኛል እንጂ። በኦሞ ዳር የነበረው ሕዝብ ይህን ዘመቻ የሚያስታውሰው በተነዳው ከብትና በተማረከው ሰው ነው። ቡላቶቪች ራሱ በመንገድ የቈሰለ ሕፃን አግኝቶ፣ ቫስካ ብሎ ስም አውጥቶ፣ ወደ ሩስያ ይዞት ሄዷል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1893 ዓ. ም.፣ ኦስቲን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ከሱዳን ተነሥቶ፣ በሐይቁ ሰሜን ዳር እህል አገኛለሁ ብሎ መጣ። ነገር ግን የሚሸጥለት አላገኘም፤ አብረውት ከነበሩት ሰዎች የሚበዙት በረሃብ አለቁ። ጎተራው የተራቈተበትና መሣሪያ የያዘ እንግዳ ምን እንደሚያመጣ ያየ ሕዝብ፣ ሌላ መሣሪያ የያዘ እንግዳ ሲመጣ እህሉን ይዞ አይቀበልም።

በደጋው በአሪ ምድር የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። አሪዎች ገበሬዎች ናቸው፤ እርሻቸውን ትተው አይሸሹም። ስለዚህ ወታደሩ በመካከላቸው ተተከለ፤ ባኮ የጦር ከተማ ሆነች፤ ሕዝቡም ገባር ተደረገ። ገባር ማለት ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ ማረስ፣ መፍጨት፣ ዕንጨት መስበር፣ ቤት መሥራት፣ ሸክም መሸከም ነው። ስለ አሪ ሕዝብ ያጠናው አለክሳንደር ናቲ ይህን ዘመን በሰፊው ጽፎበታል። የአውራጃው መቀመጫ በኋላ ከባኮ ወደ ጂንካ ወረደ፤ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ይባል በነበረበት ዘመን ያገለገሉ ሰዎች፣ ጂንካን በመካከልዋ በተዘረጋው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ያስታውሷታል። አውሮፕላን ሲመጣ በመጀመሪያ ከብቱን ከሜዳው ማባረር ነበረ።

ከጂንካ በማግስቱ ወደ ማጎ ፓርክ ወረድን። በወረቀታችን ላይ «የዱር አራዊት ጉብኝት» የተባለው ይህ ነው። ፓርኩ 2162 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ከኦሞ ማዶ ያለው የኦሞ ፓርክ ደግሞ 4068 ነው። ጁልያን ሃክስሊ ያሉበት የዩኔስኮ ቡድን በ1955 ዓ. ም. የአገሪቱ የተፈጥሮ ሀብት እንዲጠበቅ ከመከረ በኋላ፣ የኦሞ ፓርክ በ1958 ዓ. ም.፣ ማጎም በ1971 ዓ. ም. ገደማ ተከለለ። እኛ ያየነው ድኩላ፣ ዝንጀሮ፣ ጅግራና የጎሽ ኮቴ ነው። የጼጼ ዝንብ ግን በመኪናው መስኮት እየገባ ያለ አስጎብኚ ጎበኘን። ዝሆን አላየንም፤ ከመካከላችን አንዱ «ገንዘባችንን ለዝሆን ነበር የከፈልነው» ብሎ አጉረመረመ።

ዝሆኑ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ የታሪክ ጥያቄ ነው። ከቴሌኪና ከኒውማን ጠመንጃ ጀምሮ፣ ከባኮና ከማጂ ተነሥተው ለጥርስ ወደ ቆላ ይወርዱ በነበሩት አዳኞች፣ ከኋላም አውቶማቲክ መሣሪያ ወደዚህ ጠረፍ በገባ ጊዜ፣ ዝሆን እያነሰ መጣ። ቍጥቋጦውና ዝንቡም ቢሆኑ ታሪክ አላቸው። ክፉ ቀን ብለን በምንጠራው ጊዜ፣ ከ1880 ዓ. ም. ጀምሮ፣ የከብት እልቂት መላውን ምሥራቅ አፍሪካ ሲያዳርስ፣ ከብቱ ያለቀበት ሣር ቦታ በብዙ አገር በቍጥቋጦ ተዋጠ፤ ቍጥቋጦውም ለጼጼ መኖሪያ፣ ለገንዲ በሽታ መነሻ ሆነ። ስለዚህ ጎብኚ በማጎ ሲያልፍ «ሰው ያልነካው ጫካ» የሚለው ቦታ ብዙ ጊዜ ሰው የኖረበት፣ ያቃጠለውና ያሰማራበት፣ መከራም አባሮት የለቀቀው ቦታ ነው። ሙርሲዎች በ1970ዎቹ መባቻ ድርቅ ሲያስጨንቃቸው ከፊላቸው ወደ ማጎ ወንዝ ላይኛው ሸለቆ ወጥተው ሰፈሩ፤ ዛሬ በጥዋት ሄደን የምናያቸው እነዚህን ነው። የኦሞን ፓርክ በ1998 ዓ. ም. አንድ የውጭ ድርጅት እንዲያስተዳድረው ተሰጥቶት ነበር፤ በክልሉ ውስጥ የሚሰማሩትና የሚያርሱት ሰዎች መብት ብዙ ክርክር አስነሥቶ ድርጅቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራውን ትቶ ሄደ። በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብም ለአገሪቱ ታላቅ የመብራት ኃይል ሰጥቷል፤ ነገር ግን ኦሞ በየዓመቱ በክረምት ሞልቶ ሲሸሽ በዳሩ ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩት ካራዎች፣ ዳሰነቾች፣ ሙርሲዎችና ሌሎችም ያንን ሙላት አጥተዋል። ይህን ሁሉ «የዱር አራዊት» በሚለው ርእስ ሥር ማስገባት አይቻልም።

ከሙርሲ መንደር የቆየነው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በአንገታችን ካሜራ አንጠልጥለን ወረድን፤ እነርሱም ዋጋውን ነገሩን፤ ለአንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ብር ነው። ከእኛ አንዳንዶቹ በነገሩ ተቈጡ፤ «ሁሉ ነገር በገንዘብ ሆነ» አሉ። እኔ ቍጣው አልገባኝም። ፊቱን በነፃ የሚሸጥ ሰው የት አለ? ከመቶ ዓመት በላይ ጥርስ ሊወስድ፣ ከብት ሊነዳ፣ አጥንት ሊቈፍር እንግዳ ሲመላለስበት የኖረ ሕዝብ በመጨረሻ እንግዳውን አስከፍሎ የሚሸኝበት መንገድ ቢያገኝ የሚያስነውር አይመስለኝም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ በሁለቱ ወገን መካከል ከዋጋ በቀር አንድም ቃል ሳይለዋወጡ መለያየታቸው ነው።

አስጎብኚው እዚያ ሳለን የሴቶቹ የከንፈር ሸክላ ከባሪያ ፈንጋዮች ለመዳን ሆን ተብሎ መልክን ለማበላሸት የተጀመረ መሆኑን ነገረን። ይህ ተረት በየመጽሐፉና በየመኪናው ይነገራል። የባሪያ ንግድ በዚህ አገር መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሸክላው ከዚያ ለመምጣቱ ማስረጃ የለም። ከሙርሲዎች ጋራ ብዙ ዓመት የሠራው ዴቪድ ተርተን ይህን ተቃውሞ ጽፏል፤ ለእነርሱ ሸክላው የጕልምስናና የክብር ምልክት ነው። አስተውሉ፤ ታሪክ የለውም በተባለው ስፍራ የሚሰማው ብቸኛው ታሪክ የተፈጠረ ታሪክ ሆነ።

እውነተኛው ግን እዚያው ማዶ ነው። ከኦሞ ምዕራብ፣ በኪቢሽ ወንዝ አጠገብ፣ በ1959 ዓ. ም. የሰው ራስ ቅልና አጥንት ተገኘ። ከዚያ አስቀድሞ ፈረንሳዮች በ1894 ዓ. ም. የቡርግ ደ ቦዛ ጉዞ በመጣ ጊዜ፣ እንደገናም በ1925 ዓ. ም. ካሚይ አራምቡር ሲመጣ፣ በኦሞ የታችኛው ሸለቆ የጥንት አራዊት አጥንት ሰብስበው ነበር። በ1959 ዓ. ም. የተጀመረው ጥናት ግን ሦስት ወገን ነበረው፤ የፈረንሳዩን አራምቡርና ኢቭ ኮፐን፣ የአሜሪካኑን ክላርክ ሃወል፣ የኬንያውን ሪቻርድ ሊኪ ይመሩት ነበር። በኪቢሽ «ኦሞ አንድ» የተባለውን አጥንት ያገኘው የሊኪ ባልደረባ ካሞያ ኪሜው ነው። እርሱ ኬንያዊ ነው፤ ስሙም ሳይሞት፣ አዞም ሳይወስደው፣ በመጽሐፍ ገባ። አጥንቱ በመጀመሪያ 130,000 ዓመት ገደማ ተባለለት፤ በ1997 ዓ. ም. 195,000፤ በ2014 ዓ. ም. ከላዩ ያለው የእሳተ ገሞራ ዐመድ ሲመረመር ደግሞ ከ230,000 እንደማያንስ ታወቀ። የእኛ የሰው ልጆች የዛሬው መልክ ከታየባቸው እጅግ ጥንታዊ ቅሪቶች አንዱ ነው። የአክሱም ሐውልቶች ከዚህ ጋራ ሲተያዩ ትናንት የቆሙ ናቸው። አጥንቱ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም አለ። በመርሐ ግብራችን ላይ ግን ኪቢሽ የሚል ቃል አልነበረም፤ መንገዱ ሩቅና አስቸጋሪ ስለ ሆነ አይፈረድበትም፤ በመኪና ውስጥ ሳለን ቢነገረን ግን ቤንዚን አይጨምርም ነበር።

ወደ ጂንካ ስንመለስ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አየን። የየሕዝቡ ዕቃ፣ የሴቶች ልብስና ጌጥ፣ በርኩማና ቅል በሥርዓት ተደርድሯል። ማዕከሉ እንዲቋቋም ብዙ የደከመው ኢቮ ሽትሬከር ነው። እርሱና ጂን ሊዳል በሐመር ኖረው በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ባሳተሙት ሥራ ውስጥ አንዱ ቅጽ ባልዳምቤ የተባለ የሐመር ሽማግሌ የተናገረው ነው፤ ሽማግሌው የአባቶቹን አመጣጥ፣ የከብቱንና የጋብቻውን ሥርዓት፣ የሐመርን ኑሮ በራሱ አፍ ይተርካል። ከቴሌኪ ጀምሮ በቈጠርናቸው መጻሕፍት ሁሉ ስለ ኦሞ ሰው ሌላ ሰው ሲናገር ነበር፤ በዚህ ግን የአገሩ ሰው ራሱ ተናገረ። ከማኅበራችን መምህራን ይህን መጽሐፍ አስቀድሞ የሰማ አንድም አልነበረም፤ እኔም ብሆን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ማታ በሆቴሉ በረንዳ ተቀምጠን ሳለ አስጎብኚው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ በመንገድ ላይ የነገሩኝን ዓመታት ይጻፉልኝ» አለኝ። 1880ን፣ 1888ን፣ 1890ን፣ 1959ን ጻፍሁለት። ባኮ ላይ ስደርስ እጄን ያዝ አደረገኝ። አያቱ የባኮ ገባር እንደ ነበሩ፣ በልጅነታቸው ለአንድ መልከኛ ቤት ውሃ ይቀዱ እንደ ነበረ፣ ይህንንም ከአባቱ እንደ ሰማ ነገረኝ። ቀጥሎም «ይህን ለእንግዳ መንገር ይገባል? ወይስ ያስቀይማል?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ መልስ ሳስብ፣ ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጡረተኛ ዳኛ ወንበራቸውን አቀረቡና «የውጭውን እንግዳ ተወውና ልጄ፣ መጀመሪያ ለእኛ ንገረን» አሉት። ደብተሩን አጥፎ ተቀመጠና ጀመረ። መብራቱ በአራት ሰዓት ጠፋ፤ እርሱ ግን አላቋረጠም።